ከአባቴ ጋር ስልክ ላይ ዝም ስንባባል ምን ላድርግ?

የስፌት ቤት ልጅ | እሑድ፣ ሰኔ 8

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔን ግን ስምንት ወር ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር ሲያስጨንቀኝ ከርሟል።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሌሊት ሌሊት አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ። በዚህ ሀገር አቆጣጠር ከጠዋቱ 6 ሰዓት እወጣለሁ። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ቀን 7 ሰዓት ሆኗል። ቅዳሴ አልቆ፣ ምሳ ተበልቶ፣ አባቴ ቤት ቁጭ የሚሉበት ሰዓት ነው። መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ እደውላለሁ።

አባቴን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። አንቱ እያልን ነው ያደግነው። የዛሬው ንግግራችን ይኸውላችሁ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፦

«ሃሎ፣ ጋሼ! እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ጤናዎትስ?»

«ደህና።»

«ጉልበትዎትስ?»

«ይሻለዋል።»

«ዝናቡስ እንዴት ነው?»

«ትናንት ጥሎ ነበር።»

ዝም።

«እና ሌላስ፣ ጋሼ?»

«ሌላው ሰላም ነው።»

ዝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የማልችለው። ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ተቋርጦ እንደሆነ አያለሁ። አልተቋረጠም፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። «ሃሎ? ይሰማል?» እላለሁ። «ይሰማል» ይላሉ። ደግሞ ዝም። «እንግዲህ እንዳልይዝዎት…» እላለሁ። «በል ልጄ፣ ገንዘብህን አትጨርስ» ይሉና መርቀውኝ ይዘጋሉ። 4 ደቂቃ። አንዳንዴ 3። በኢንተርኔት ስለምደውል ገንዘብ እንደማይቆጥር ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እናቴ ነበረች። «ምን በላህ? በረዶው አቆመ? ድምፅህ ምነው?» እያለች 40 ደቂቃ ትይዘኛለች። ጋሼ ከኋላ ሆነው «ደህና ነው በይው» ሲሉ ይሰማኛል። እሷ ስልኩን ስትሰጣቸው ደግሞ «አንቺው አውሪው» ብለው ይመልሱላታል። ባለፈው ጥቅምት አረፈች። ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሯ መሄድ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ በስልኩ መስመር ላይ የቀረነው እኔና ጋሼ ብቻ ነን።

የሚገርመኝ ግን ምን መሰላችሁ? እኔ ከጋሼ ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ለምጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ጋሼ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከመንገድ ዳር ባለች ጠባብ ቤት፣ አንድ ሲንጀር፣ አንድ የከሰል ካውያ። ከትምህርት ቤት ስመጣ የስፌት መኪናው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ እልና ቁልፎችን በየቀለማቸው እለያለሁ። ከሰዓቱን ሙሉ የምንነጋገረው «መቀስ» እና «ያዝ» ብቻ ነበር። አንድም ቀን ዝምታው አልከበደኝም። እንዲያውም በሕይወቴ ልቤ በጣም አርፎ የነበረው ያኔ ይመስለኛል። ታዲያ ያው ዝምታ ስልክ ላይ ለምን እንዲህ ያንቀኛል?

ባለፈው ወር ጥያቄዎችን ወረቀት ላይ ጽፌ ደወልኩ። አሥራ ሁለት ጥያቄ። ስድስተኛው ላይ ፖሊስ ጣቢያ ቃል እየተቀበልኩ መሰለኝና ተውኩት።

እናንተ ከወላጆቻችሁ ጋር እንዴት ታደርጋላችሁ? ዝም ሲሉስ በምን ታውቃላችሁ፣ ደክሟቸው ነው ወይስ ተቀይመው? እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ የመጨረሻው ነው።

በር ላይ | ሰኔ 8

ቪዲዮ ደውልላቸው በቃ። ፊት ከታየ ዝምታ አይከብድም።

የስፌት ቤት ልጅ | ሰኔ 8

ሞክሬዋለሁ ወንድም። ስልኩን እንደለመዱት ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል። የማየው ጆሯቸውንና ነጭ ፀጉራቸውን ነው። እሱም ደስ ይላል፤ ግን ወሬ አይሆንም።

አቦል ከሻርጃ | ሰኔ 8

ወንድሜ፣ የእናትህን ነፍስ ይማር።

እኔ ሻርጃ ነው ያለሁት። በሰው ቤት ሥራ 11 ዓመቴ ነው። እዚህ በዋትሳፕ ድምፅ መደወል ስለማይሠራ ከእናቴ ጋር የምንገናኘው በቦቲም ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እኛም እንደናንተ ነበርን። ሰላምታ፣ ትንሽ ለቅሶ፣ ከዚያ «ሌላስ?»። እኔ ያለሁበትን ቤት ችግር አልነግራትም፤ እንዳትጨነቅ። እሷም የቤቱን ጉድለት አትነግረኝም፤ እንዳልጨነቅ። የምንደብቀው ሲበዛ የምናወራው አለቀብን። የብዙ ስደተኛ ዝምታ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል፤ አንተም እስቲ ራስህን ጠይቅ።

አንድ የእረፍት ቀኔ ላይ ስደውል ቡና ልታፈላ ነው። «ቆይ ልቁላበት» ብላ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው። አልዘጋችውም። ቡናው ምጣዱ ላይ ሲንሿሿ ሰማሁ። ሙቀጫው ሲወቀጥ ሰማሁ። ጎረቤቶች ገቡ፤ «ቤቶች!» አሉ፤ ቁጭ አሉ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ፣ ስለ አንድ ሰርግ አወሩ። ስለ እኔ ማንም አላነሳም። እኔ ክፍሌ ውስጥ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። አቦል ተጠጣ። ቶና ተጠጣ። በረካው ላይ እናቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አለችና «አለሽ?» አለችኝ። «አለሁ» አልኳት። ሌላ ምንም አላወራንም። ያን ቀን እንደዚያ ስጠግብ ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

አሁን ልማዳችን ሆኗል። «አለሽ?» «አለሁ።»

አባትህ ቡና ያፍሉልህ ማለቴ አይደለም። ግን የእሳቸውም ቤት የራሱ ድምፅ ይኖረዋል። እሱን ፈልገው።

የኡሜኦ ብርድ | ሰኔ 9

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባትህ «አዎ» ሲሉ እንዴት ነው የሚሉት? በቃል ነው በትንፋሽ?

እኛ ዘንድ ብዙ ሰው «አዎ» የሚለው አየር ወደ ውስጥ ስቦ ነው። አጭር «እ!»፣ የመደንገጥ ዓይነት። እኛ ሳናስተውለው ነው የምናደርገው። እኔ ልብ ያልኩት ስዊድን ከመጣሁ በኋላ ነው። የምኖረው በሰሜን በኩል፣ ኡሜኦ ነው። እዚህም ሰው «አዎ» ሲል ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ አየር ይስባል። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አሮጊት «ሻይ ልጨምርልሽ?» ስላት እንደዚያ ስባ መለሰችልኝ። አያቴን የሰማሁ መሰለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ስዊድንኛው ገና አልገባኝም ነበር፤ ያ ትንፋሽ ግን ገብቶኛል።

ለምን ይህን አነሳሁ? የአባትህ መልስ ግማሹ በትንፋሽ ከሆነ ስልክ ላይ ላይሰማህ ይችላል። አንተ ዝምታ ያልከው «አዎ» ሊሆን ይችላል።

ሌላ ደግሞ፣ የቋንቋ ትምህርት ስወስድ ያገኘሁት ነገር አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 10 ቋንቋዎችን አወዳድሯል። አንዱ ጠይቆ ሌላው መልስ እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ የሰከንድ አንድ አምስተኛ። ከ10ሩ ፈጣኖቹ ጃፓኖች ናቸው፤ ቀርፋፎቹ ዴንማርኮች። የዴንማርኮቹም ግን ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። አማርኛ በጥናቱ ውስጥ አልነበረም። እኛ ግን ከዚህ ብዙ እንርቃለን ብዬ አላስብም። እንግዲህ ጆሯችን የለመደው ይህንን ከሆነ፣ አንድ ሰከንድ ሙሉ ዝም ሲባል ቢያስደነግጥህ ምን ይገርማል? አንተ ወሬ የማትችል ሆነህ አይደለም።

ሽቦ ቀጣይ | ሰኔ 9

የኡሜኦዋ እህት ትክክለኛውን ቦታ ነው የነካችው። እኔ በኔትወርክ ሥራ ላይ ነኝ፤ ከዚያ በኩል ያለውን ልጨምር።

አንደኛ፣ ድምፅህ ይዘገያል። ቨርጂኒያ ላይ ይቆራረጣል፣ ይታሸጋል፣ ባሕርና የብስ አቋርጦ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ይፈታል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ ያለውን መዘግየት ጥሩ ነው ይላል። ከ400 ካለፈ ለንግግር አይመችም። አንተ ደግሞ መሄጃውንም መመለሻውንም ነው የምትጠብቀው። ኢንተርኔቱ ሲደክም አንድ ሰከንድ በቀላሉ ያልፋል። 200 ሚሊ ሰከንድ የለመደ ጆሮ ያን ያህል አይታገሥም፤ «ሃሎ? ይሰማል?» ትላለህ። እሳቸው ግን መልሰው ነበር፤ መልሱ መንገድ ላይ ነው። ሁለቱ ድምፅ ይጋጫል። ጨዋ ሽማግሌ ደግሞ ሰው ሲናገር ዝም ይላል። በቃ፣ የጀመሩትን ዋጡት ማለት ነው። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም ሰው መጀመሩንም ይተወዋል።

ሁለተኛውን ልብ ብለህ አንብበው። ዲጂታል ስልክ ሰው ዝም ሲል ብዙ ጊዜ ድምፅ መላኩን ያቆማል፣ መስመር ለመቆጠብ። ያን ጊዜ በተቀባዩ በኩል ጸጥ ረጭ እንዳይልና ሰው ተቋረጠ ብሎ እንዳይዘጋ፣ ስልኩ ራሱ ቀስ ያለ የ«እሽሽ» ድምፅ ፈጥሮ ይሞላበታል። «ኮምፈርት ኖይዝ» እንለዋለን። ስለዚህ አንተ የምትሰማው ዝምታ የአባትህ ቤት ዝምታ ላይሆን ይችላል። የገዛ ስልክህ የሠራልህ ነው። በእሳቸው በኩል ዶሮ ይጮህ ይሆናል፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የመደወያ መተግበሪያዎቹ ጫጫታ ያፍናሉ። የማራገቢያ ድምፅ፣ የነፋስ ድምፅ፣ የትንፋሽ ድምፅ። ያ ወደ ውስጥ የሚሳበው «እ!» ቃል ሳይሆን ትንፋሽ መስሎት ቢቆርጠው አይደንቀኝም።

ምን ታደርጋለህ? ከጠየቅክ በኋላ በልብህ እስከ ሦስት ቁጠር። «ሃሎ» አትበል። ስልኩን ከጆሯቸው አውርደው በድምፅ ማጉያ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ ጆሮ ላይ ሲለጠፍ አንዳንዴ ጣት ማይክራፎኑን ይሸፍነዋል። ድምፅ የሚያወጣው ነገር ለስልኩ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይታፈን ይችላል።

የስፌት ቤት ልጅ | ሰኔ 9

ይህን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ጋሼ «አዎ» የሚሉት በትንፋሽ ነው። ሁልጊዜ። ደንበኛ «ለቅዳሜ ይደርሳል?» ሲላቸው መርፌ በከንፈራቸው ይዘው «እ!» ይሉ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሳላያቸው ረስቼው ነው። ስንት «አዎ» እንዳለፈኝ እያሰብኩ ነው ያደርኩት።

ዝም አይነቅዝም | ሰኔ 9

ሁላችሁም ደግ ደጉን ነው የምታወሩት። እኔ የተለየ ነገር ልናገር፤ ወንድማችን ጠይቋልና።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በእኛ ቤት ግን ነቅዟል። አባቴ ለሦስት ዓመት ስልክ ላይ «ደህና፣ ደህና» ብቻ ነበር የሚለኝ። እኔም የእሱ ጠባይ ነው ብዬ ተውኩት። ሳያማክረኝ አገባ ብሎ አዝኖብኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ለእናቴ ነግሬ፣ እሷ ትነግረዋለች ብዬ ነበር። አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። አልጠየቅኩም፤ ፈራሁ። ከታረቅን በኋላ የቀረን ጊዜ አንድ ክረምት ብቻ ነበር።

ወንድሜ፣ ከቴክኒኩም ከትንፋሹም በፊት የሚያስፈራህን ጠይቃቸው። ለቀብሩ አለመምጣትህ ነው የሚያስፈራህ። ጽሑፍህ ውስጥ በአንድ መስመር ነክተኸው አለፍክ፤ ግን ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው የቆመው። በግልጽ ጠይቅ። «ተቀይመውኛል?» በላቸው። ከዚያ በኋላ ዝም ብትሉም ይቀልላል።

የኡሜኦ ብርድ | ሰኔ 9

ይህ እውነት ነው። ግን ጊዜውን ምረጥ። በአራት ደቂቃ ውስጥ የሚጠየቅ አይደለም።

የእድር ጸሐፊ | ሰኔ 10

ልጄ፣ እኔ በዕድሜ የአባትህ እኩያ ሳልሆን አልቀርም። አዲስ አበባ የሰፈራችንን እድር በጸሐፊነት 22 ዓመት አገልግያለሁ። ድንኳን ውስጥ ብዙ ተቀምጫለሁ። ስለ ዝምታ የማውቀው ከዚያ ነው።

ለቅሶ ቤት ስትገባ ምን ትላለህ? «እግዜር ያጥናችሁ» ትላለህ፤ ትቀመጣለህ። አለቀ። አጠገብህ ያለውን ሰው ላታውቀው ትችላለህ። ንፍሮ ይዞራል፣ ውሃ ይዞራል። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር ተነሥተህ ብትሄድ ማንም «ምነው ዝም አለ» አይልህም። የሚባለው «መጥቶ ነበር» ነው። መዝገብ ላይ የምጽፈውም እሱኑ ነው፤ መጣ ወይስ ቀረ። ምን አወራ ተብሎ አይጻፍም።

አንተ የእናትህ ለቅሶ ላይ አልተቀመጥክም። ልትመጣ አልቻልክም፤ ማንም አይፈርድብህም። ግን መቀመጡ ቀርቶብሃል፤ ለአባትህም ያንተ አጠገባቸው መቀመጥ ቀርቶባቸዋል። እኔ ሳየው አሁን በየሳምንቱ እየደወልክ የምትሞክረው ያንን ነው፤ ነገር ግን ቁጭ ሳትል ትነሣለህ። «እንዳልይዝዎት» የምትለው አንተ ነህ። እሳቸው አይደሉም።

ሌላ የገረመኝ ነገር አለ፤ እስካሁን ማንም አላነሳውም። የምትደውለው እሑድ ነው። አባትህ የኦርቶዶክስ ሰው ከሆኑ እሑድ መርፌ አይነኩም። መኪናው ሽፋን ለብሶ ነው የምትደውልላቸው። ልጅ ሆነህ ዝምታው ያልከበደህ እኮ በመካከላችሁ ሥራ ስለነበረ ነው። እጃቸው ሥራ ይዟል፤ የአንተም እጅ ቁልፍ ይለያል። አሁን ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን ስልክ ይዛችሁ ትፋጠጣላችሁ። በሥራ ቀን ደውል። ሐሙስ ግን እንዳይሆን፤ ሰኔ ሚካኤል ነው፣ አይሠሩም። የሰኔ ጾምም ስለሆነ በሥራ ቀን በ7 ሰዓት ምሳ ላይ አታገኛቸውም፤ መኪናቸው ላይ ነው የምታገኛቸው።

አቦል ከሻርጃ | ሰኔ 10

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ይቺን ለራሴም ይዣታለሁ።

የስፌት ቤት ልጅ | ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ይቅርታ፣ ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት ፈረቃዬ ተቀይሮ ነበር። ትናንት ማክሰኞ ደወልኩ። ሁላችሁም ስለ ረዳችሁኝ ሁሉንም ልንገራችሁ።

ጋሼ ደነገጡ። ከእሑድ ውጭ ደውዬ አላውቅም። «ምን ሆንክ?» አሉ ገና ሲያነሱት። «ምንም አልሆንኩም፣ ጋሼ። እርስዎ ሥራዎትን ይሥሩ። ስልኩን መኪናው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልኝ፤ ቁጭ ልበል» አልኳቸው። ዝም አሉ። መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት ላይ ስደርስ ትንፋሿ መጣች። «እ!»

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ኳ ሲል ሰማሁ፤ ስልኩን ሲያስቀምጡት ነው። ከዚያ መኪናው ተነሣ። እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ጨርሶ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ግን እሱ ነው። መርገጫው በግራ በኩል ሲጮህ አውቀዋለሁ፤ ያኔም ይጮህ ነበር። አንድ ሰው ሱሪ ለማሳጠር መጣ። ዋጋ ተነጋገሩ። ሄደ። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቅቄ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሰዓት አላየሁም።

ድንገት መኪናው ቆመ። «ሃሎ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያዝኩት። ሦስት ቆጠርኩ፤ እንደገና ሦስት ቆጠርኩ።

«ክር ተበጠሰ» አሉ።

ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ዓይኔ ቀዳዳውን አያይልኝም። እናትህ ነበረች የምታስገባልኝ» አሉ።

ይህን አላውቅም ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስፌት ቤት የምትመጣው ቁርስ ልታደርስ ነበር የሚመስለኝ። ስልክ ላይ 40 ደቂቃ ስናወራ ይህን አልነገረችኝም። ዓይናቸው መድከሙን እንዳልሰማ ብላ ይሆናል። አቦል ከሻርጃ፣ አንቺ ያልሽው ነው።

«አሁን ማን ያስገባልዎታል?» አልኩ።

«የጎረቤት ልጅ አለች። ፈተና ላይ ስለሆኑ ዛሬ ቤት ናት። ልጥራት። አትዝጋ።»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጋሼ «አትዝጋ» ብለውኝ አያውቁም። ሁልጊዜ «ገንዘብህን አትጨርስ» ነው።

ልጅቷ መጣች። ክሩን ስታስገባ ሁለታቸውም ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። «ገባ» አለች። ስትሄድ ጠየቅኳቸው። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። «ጋሼ፣ በቀብሯ ባለመገኘቴ ተቀይመውኛል?»

በዚህኛው ላይ ስንት እንደቆጠርኩ አላስታውስም።

«አንተን? አንተን ለምን እቀየማለሁ?» አሉ። ከዚያ፣ «እኔ ወሬ አላውቅበትም። ስትደውል የምነግርህ የለኝም ብዬ ነው የምዘጋልህ። ሌሊቱን ሠርተህ የወጣህ ልጅ፣ ተኛ ብዬ ነው» አሉ። ደግሞ ቆዩና፣ «እሷ ነበረች የምታወራህ» አሉ።

አለቀስኩ። እሳቸውም እያለቀሱ መሰለኝ፤ ስልኩ ስለሚቆራርጥ እርግጠኛ አይደለሁም። መኪናው እንደገና ተነሣ። እስኪበቃን ድረስ እሱ ጮኸልን።

ልንሰነባበት ስንል «ትከሻህ አሁን ስንት ሆኗል?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ኮት ሊሰፉልኝ ነው፤ በጥቅምት ለሙት ዓመቷ እንድለብሰው፣ በሚመጣ ሰው ሊልኩልኝ። «ሜትር የለህም?» አሉ። ልብስ ሰፊ አሳድጎኝ ሜትር የለኝም። ስልኩን ስዘጋ 41 ደቂቃ ይላል።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ገዛሁ። በአንድ በኩል ኢንች፣ በሌላው በኩል ሴንቲሜትር ያለበት ነው። ጋሼ በሴንቲሜትር ነው የሚሠሩት። የሚመጣው ማክሰኞ ከየት ጀምሬ እስከ የት እንደምለካ እሳቸው ይነግሩኛል፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ክንድ፣ ወገብ።